ሃያ አራት ቀይ ካባ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ከፋይ መቁረጥ ነበር። ፎርድስበርግ ሰፈር በሚገኘው የመጋረጃ ሱቃችን ወለል ላይ ቀዩን ጨርቅ ዘርግተን፣ እሱ ተንበርክኮ በጠመኔ ያሰምራል፣ እኔ ጫፉን ይዤ እከተለዋለሁ።

«ወጠር አድርገሽ ያዢው እንጂ፤ ሊጥ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለኝ።

«ነገ ወገቤን ስትል እኔን እንዳትጠራ» አልኩት።

ሳቅን፤ ቆርጠን ጨረስን፤ ሻይ ጠጣን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጨርቁ ለክሊፕታውን ሰፈር መዘምራን ነበር። መሪያቸው ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የብዙ ዓመት ደንበኛችን ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ይታዩ ከነበሩት ታላላቅ ኦፔራዎች ካንዱ አንድ ትዕይንት ሊያሳዩ ተነሥተው ነበር። ትዕይንቱ መድረክ ሙሉ ሕዝብ ይፈልጋል። አዳራሹ ግን በወረርሽኙ ምክንያት የፈቀደው ለሃያ አራት ዘማሪ ብቻ፣ ያውም ተራርቆ ለሚቆም ነው። መላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ ካባው ሰፊ ይሁንና ሲዘረጋ ክፍተቱን ይሙላው አለ።

በሳምንቱ ያስለው ጀመር። አምቡላንስ ወሰደው፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ። በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ለቅሶ የመጣው ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ።

ካባዎቹን ብቻዬን ሰፋኋቸው። ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንዳንድ ቀን አንድ ጠርዝ ብቻ አጥፌ እቀመጥ ነበር።

ለልምምድ ወደ አዳራሹ ወስጄ ዘማሪዎቹ ሲለብሷቸው የመድረኩ መብራት በራ። ግማሾቹ ደማቅ ቀይ፣ ግማሾቹ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ሆነው ታዩኝ። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ጠጉሩ ወደ ላይ ሲተኛና ወደ ታች ሲተኛ መልኩ ይለያያል። መጋረጃ ስንቆርጥ ይህን አንስትም። ካባ ግን ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው። ባለቤቴ ጨርቅ እንዳይባክን ብሎ አንዱን ቀጥ፣ ቀጣዩን ግልብጥ አድርጎ እያጋጠመ ቆርጦታል። እኔም ጫፉን ይዤ ሳለሁ፣ በኋላም አንድ በአንድ ስሰፋ አላየሁም።

«ልጄ፣ ይሄማ አይሆንም። የእሑድ ልብሳችንን እንለብሳለን» አሉ መሪዋ፣ በቀስታ።

«የባለቤቴ እጅ ነው» አልኳቸው። ካባዎቹ ቢቀሩ እጁ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ነገር ዕቃ ቤት ሊጣል ነው።

መሪዋ የሚመሩበት መጽሐፍ ቅጂ መድረኩ ጫፍ ላይ ነበር። የፓሪስ ሰዎች ኦፔራቸው ሌላ ከተማ ሲሄድ እንዳይበላሽ ማን በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም በሥዕል አስደግፈው ያትሙ ነበር። ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ሥዕሉን ግን አየሁት። ሕዝቡ በግራና በቀኝ ለሁለት ተከፍሏል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩ።

«ጠላቶች ናቸው። ሁለት ወገን።»

«በምን ይለያሉ?»

«በዜማቸው።»

«ዜማ የማያውቀው ሰውስ?»

መሪዋ ወደ ዘማሪዎቹ ዞሩ። ካባዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ደማቅ፣ አሥራ ሁለት ጠቆር ያለ። «ደማቁን በግራ፣ ጠቆር ያለውን በቀኝ ያቁሙልኝና ይዩት» አልኳቸው።

«ማማ፣ እኔን ከጠቆረው አድርጊኝ፤ ደማቁ ያወፍራል» አላቸው መሪዋን፣ ታክሲ የሚነዳው ባለ ወፍራም ድምፁ ዘማሪ።

«አንተን ያወፈረህ ጨርቅ አይደለም» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መሪዋም ወደ ኋላ ወንበር ሄደው ከዚያ ሆነው አዩና «በሉ እንዲህ ቁሙ» አሉ።

ትዕይንቱ የቀረበው እሑድ ከሰዓት ነው። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ቦታ ያጣው ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሁለቱ ወገኖች ከግራና ከቀኝ ገቡ፤ ክንዳቸውን ሲዘረጉ መድረኩ ከዳር እስከ ዳር ከፋይ ሆነ። ድምፃቸው መሐል ላይ ሲጋጠም ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። መስኮቱ ሥር አንዲት ሴት «ስንት ሰው ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ከመቶ አያንስም» ሲሏት ሰማሁ። ሲያልቅ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። መሪዋ እጄን ይዘው ወደ ፊት አወጡኝና ካባውን የቆረጠው ማን እንደሆነ እንድናገር አዘዙኝ።

«ባለቤቴ ነው!» አልኩ፤ ማስኬን አውርጄ፣ ግቢው ድረስ እንዲሰማ። ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበለት።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ለመዘምራኑ የመድረክ ልብስ እሠራለሁ።