የሀጂ ኤሊ የድንች ቅጠል የቀመሰች ዕለት

ትናንት ጠዋት ሮቤ፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ ሰፈሩ በሙሉ ልቅሶ ተቀምጦ ነበር። ማን እንደሞተ የምናውቀው ግን እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነበርን... ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ፈቲያን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ቀጠሮ የያዝኩት ለዛሬ ነው። አባቷ ሀጂ ሁሴን ሐሙስ ዕለት ቤተሰቡን ይዘው አጋርፋ ለሰርግ ሲሄዱ ኤሊያቸውን እኔ ዘንድ አመጧት። ከደሎ መና ቆላ ያመጧት፣ ቦንቱ የሚሏት፣ እንደ ልጅ የሚያቀማጥሏት ኤሊ።

«ሣርና ማገጥ እያጨድክ ስጣት። ጎመን አታብዛባት። የድንች ቅጠል፣ የቲማቲም ቅጠል፣ እንዶድ፣ አስተናግር... እነዚህ መርዝ ናቸው፣ አጠገቧ እንዳይደርሱ» አሉኝ። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ «እስቲ አደራ ትችል እንደሆነ እናያለን» ብለው ሄዱ። ፈተናው መጀመሩ ገባኝ።

አርብ በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ሱቄን ዘግቼ፣ ምሳዬን ትቼ ሣር ሳጭድላት ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለ (ፈቲያ ናት፣ እንዴት አላነሳም?)። ትንሽ አውርቼ ዞር ስል... ቦንቱ ጓሮ የተከልኩት ድንች መሀል ገብታለች! አፏ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። አንዱ ቅጠል ግማሹ የለም።

አፈፍ አድርጌ አወጣኋት። በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ አስተኝቻት «ምንም አትሆንም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ጠዋት ስነሳ አንገቷንም እግሯንም አስገብታለች። ብነካካት ንቅንቅ የለም። ብጠራት ዝም።

ጎረቤቴን እትዬ አሰለፈችን ጠራኋቸው። መርዝ በወተት ይሰበራል ብለው አንድ ኩባያ ይዘው እየሮጡ መጡ። በማንኪያ ሊያጠጧት ሞከሩ፤ አፍ የታለና! ወተቱ ሁሉ በቅርፊቷ ቀዳዳ ገብቶ አገጯ ላይ ፈሰሰ። በመጨረሻ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጧትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ወይኔ ልጄን! ትዳርህ ቀረ!» ብለው እሪ አሉ። እኔም አልደብቃችሁም... አብሬ አለቀስኩ። ፈቲያን ያጣኋት መሰለኝና ሆዴ ባባ።

እንግዲህ እኛ ሰፈር ልቅሶ ከተሰማ በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይለቀሳል፤ የሟች ማንነት ኋላ ቀስ ተብሎ ይጣራል። ወዲያው ግቢው ሞላ። ግማሹ ዱዓ ያደርጋል፣ ግማሹ ነጠላ አዘቅዝቆ ይንሰቀሰቃል። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ሰብር አድርግ ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ይሉኛል። አሁን ኤሊ ናት ይባላል? አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እንደዚያ ሲያዩኝ ይባስ አዘኑልኝ።

በዚህ መሀል ሀጂ ከነፈቲያ ከአጋርፋ ተመልሰው ከች አሉ! ግቢውን ሲያዩ ክው ብለው ቀሩ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ ቁጭ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ለሟች ረዥም ዱዓ አደረጉ። እኛም «አሚን» አልን። ሰውዬው ሳያውቁት የገዛ ኤሊያቸውን ጀነት አስገቧት።

ከዚያ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ማን ነው የሞተው፣ ጀማል?» አሉኝ።

አፌን ልከፍት ስል... ግድግዳው ሥር ኮሽ አለ። ቦንቱ ፀሐይ ሞቃ ተነስታለች! ወተቱ አገጯ ላይ ደርቆ ነጭ ጢም አውጥታ፣ በለቀስተኛው መሀል እየተንፏቀቀች ወደ ሀጂ ትመጣለች።

«እ... እሷ ነበረች» አልኩ።

ሀጂ ኤሊዋን አንስተው አገላበጧት። «ማታ የት አሳደርካት?»

«በረንዳ ላይ...»

«ያ ረቢ! የደሎ መና ልጅ ለሮቤ ብርድ ትሰጣለች? ደንዝዛ እኮ ነው!»

የድንቹንም ነገር አወጣሁት። ፈቲያ ካርቶኑን ስታይ የታኘከው ቅጠል ጥግ ላይ ተተፍቷል። ሀጂ ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ካንተ እሷ ትሻላለች» አሉ። «አንተ ታዲያ ይህን ያህል ያለቀስከው ለቦንቱ ነው?»

«አይደለም ሀጂ... ለፈቲያ ነው» አልኩ።

ፈቲያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያ ሰብር አድርግ ያሉኝ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያማ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሀጂም እንባቸውን እየጠረጉ «ነገ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይኸው ተሰብስቧል፤ ጠይቁኝና እንገላገል!» አሉ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተነስተው ጠየቁ። እዚያው ሰጡኝ። እልል ተባለ! ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ... ቦንቱን ራሷን ስሜያታለሁ።

እልልታው ገና ሳያበቃ የታች ሰፈር ጎረቤታችን፣ ምንም ያልሰማች፣ የልቅሶ ቤት ንፍሮ በትልቅ ድስት ተሸክማ እያለቀሰች ገባች።

ዓለም ላይ በንፍሮ ሚስት ያጨሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።