የሉላ ኮምፒውተር ምን ዋጠ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሉላ ሀይረዲን ከኮሚቴው ሰብሳቢ ከጋሼ ወልደገብርኤል ጋር በውሃ ተጣልታ፣ ብሎኩን በሙሉ ረግማ፣ ቤቷን ሸጣ ልትሄድ ነው። ገዥውም ተራ ሰው አይደለም አሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የግሉን የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያሰበ ባለሀብት ነው።

ወሬው ከምድር ተነስቶ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ከውሃው ፈጥኖ ነው። ቢሆንም ለማመን ያስቸግራል። የጉድጓዱን ነገር ለመሐንዲሶች እንተወውና፣ ሉላን የሚያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ተጣላች ይላል? ሉላ ሚኒባስ ውስጥ እግሯን የረገጣትን ሰው ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ከጋሼ ወልደገብርኤል ጋር ደግሞ መጣላት የቻለ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ለመጣላት ተራ ያስፈልጋል፤ እሳቸው መናገር ከጀመሩ ለሌላ ሰው ተራ አይደርስም።

ነገሩ የተነሳው ከሉላ ሥራ ነው። ሉላ የሰርግ አልበም ታሰናዳለች። ፎቶ አንሺዎች ያነሱትን በቴሌግራም ይልኩላታል፤ እሷ መኝታ ቤቷ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ታጠራዋለች፣ ትደረድረዋለች፣ ለማተሚያ ቤት ትልከዋለች። በእጇ ያለፈ ሙሽራ ላብ አያውቅም። በእጇ ያለፉ ሚዜዎች ሁሉ ቁመታቸው እኩል ነው። አንድ ጊዜማ በሰርጉ ዕለት አኩርፎ የቀረን አጎት አምጥታ፣ ከኬኩ አጠገብ ፈገግ አድርጋ አቁማዋለች።

እንጀራዋ የተንጠለጠለው ሉቃስ በሚባል ፎቶ አንሺ ላይ ነው። ከአቃቂ እስከ ገላን ያገባ ሰው ሁሉ በሉቃስ ካሜራ ሳያልፍ አላገባም ማለት ይቻላል። ሉቃስ በዚያ ሰሞን ደውሎ ቁርጡን ነገራት።

"የሙሽሪት እምነት አልበም ዓርብ ከምሳ በፊት ማተሚያ ቤት ካልገባ፣ ከእኔ ሌላ ሥራ አትጠብቂ። የሙሽራዋ እናት በቀን በቀን ስቱዲዮዬ በር ላይ ነው የሚውሉት። ደንበኛ ሲመጣ እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው የሚቀበሉት።"

ሉላ እሺ አለች። ኮምፒውተሩ ግን እሺ አላለም። ዲስኩ ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየው መስመር ቀልቶ፣ ሥራዋን ለማስቀመጥ በሞከረች ቁጥር "ቦታ የለም" ይላት ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የራሷን ሥራ ነበር። የድሮ አልበሞችን ሁሉ ወደ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ገለበጠች። መስመሩ ሰማያዊ ሆነ። ሲነጋ ተመልሶ ቀላ። የተጣሉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ቅርጫት ባዶ አደረገች፤ ለአንድ ቀን ያህል ተነፈሰ፣ ከዚያ ቀላ። ቫይረስ ነው ብላ ፈተሸች። ፈታሹ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ምንም አላገኘሁም አላት፤ መስመሩ ግን እሱ በሚፈትሽበት ሰዓት እንኳን መቅላቱን አላቋረጠም።

በመጨረሻ ምድር ላይ የጥገና ሱቅ ያለውን አያናን ጠራችው። አያና ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል። ማቀዝቀዣ ቢያመጡለት ፎርማት ከማድረግ አይመለስም። በሩ ላይ እንደቆመ ፈረደ።

"ፎርማት ነው፣ ሉሊ።"

"ገና አላየኸውም እኮ!"

"ማየት ምን ያደርጋል? ድምፁ ይነግረኛል።"

"ድምፁ የማራገቢያው ነው። የሰው ሰርግ አለበት፣ ጠርገህ ልታጠፋብኝ ነው?"

"እንግዲያው አዲስ ዲስክ ግዢ። ተለቅ ያለ።"

"ማን እየሞላው እንደሆነ ሳላውቅ ብገዛ፣ ያንንም ይሞላብኛል።"

አያና ትንሽ አሰበ። "ልክ ነሽ፣ ይሞላብሻል" አለ። "ያን ጊዜ ፎርማት እናደርገዋለን።"

ሻይ ጠጥቶ ወረደ።

ሉላ ዓርብ ጠዋት የመጨረሻውን ገጽ ጨርሳ ለማስቀመጥ ብትሞክር አሁንም ቦታ የለም። ዘግታ እንዳትነሳ ሥራው ይጠፋል። ስለዚህ አልበሙን ክፍት አድርጋ ትታ፣ ማህደሮቹን አንድ በአንድ እየተጫነች መጠናቸውን ማየት ያዘች። ሰነዶች፣ ትንሽ። ሙዚቃ፣ ትንሽ። ቴሌግራም ያወረዳቸው ፋይሎች የሚገቡበት ማህደር ላይ ስትደርስ ግን ቁጥሩ ሽቅብ መሮጥ ጀመረና መቆሚያ አጣ። ከፈተችው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ቧንቧ ነው። ሁለተኛውም ቧንቧ ነው። ሦስተኛው ቧንቧና የጋሼ ወልደገብርኤል እጅ ነው። ከዚያ ወደ ታች ማለቂያ የሌለው ቧንቧ።

ነገሩ ገባት። ብሎኩ የነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ ዋና ሥራውም ውሃ መምጣቱን ማብሰር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቀልደኛ "ውሃ መጣ" ብሎ ጽፎ፣ ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ እየተጋፋ ወርዶ፣ ቧንቧው ነፋስ ብቻ ተነፈሰበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮሚቴው ያለ ማስረጃ ውሃ መጣ ማለትን ከለከለ። ማስረጃውም ቪዲዮ ነው። ምድር ላይ መምጣቱ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረሱ ማረጋገጫ ስላልሆነ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱን ይቀርጻል። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ከጎረቤቱ ላለማነስ የራሱን ይልካል። የጋሼ ወልደገብርኤል ከሁሉ ይረዝማል፤ የውሃውን ቀለም፣ ግፊቱንና ታሪኩን ከነማብራሪያው ያቀርባሉ።

ሉላም የሙሽሮችን ፎቶ አንድ በአንድ ከመጫን ልገላገል ብላ፣ የመጣውን ሁሉ ሳይጠይቅ እንዲያወርድ ቴሌግራምን ያዘዘችው ራሷ ናት። እሱም ታዛዥ ነው፣ አወረደ። ቤቷ ውሃ ካየ ሰንብቷል፤ በኮምፒውተሯ ውስጥ የፈሰሰው ግን የአባ ሳሙኤልን ግድብ ሞልቶ ይተርፋል።

መሰረዝ ጀመረች። ገና ጥቂት ቧንቧ እንደሰረዘች ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አንኮራፋ፣ አሳለው፣ ከዚያ ተንፎለፎለ። ውሃ መጣ። ሕንፃው በሙሉ ነቃ። ባልዲ ተንኳኳ፣ በር ተከፈተ፣ ደረጃው በሩጫ ተንቀጠቀጠ፤ ከጄሪካን በፊት ግን ስልክ ተደቀነ። ኮምፒውተሩ መንጫጫት ያዘ። ምድር፣ ቧንቧ። አንደኛ ፎቅ፣ ቧንቧ። ሉላ አንዱን ስትሰርዝ ሁለት ይገባል። ከዚያ የጋሼ ወልደገብርኤል ረጅሙ ቪዲዮ መውረድ ጀመረ፤ መስመሩ ጥግ ድረስ ቀላ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነው። ሉቃስ እየደወለ ነው።

በራሱ እንዳያወርድ የሚከለክለውን ቦታ ፈለገች፤ ከየት እንዳበራችው ጠፋባት። ዓይኗ የገባው "ከግሩፑ ውጣ" የሚለው ነው። ተጫነችው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ነኝ አለችው። መንጫጫቱ ቆመ። የቀሩትን ቧንቧዎች በጅምላ ሰረዘች፣ ቅርጫቱን ባዶ አደረገች፣ አልበሙን አስቀመጠች፣ ለማተሚያ ቤቱ ላከች። ሉቃስ "ደርሷል፣ እናትየዋም ሄደውልኛል" ብሎ ጻፈላት። ወጥ ቤት ስትገባ ውሃው ሄዷል።

ከዚያ ግሩፕ ሰው ወጥቶ አያውቅም። ቤቱን ሸጦ ገላን ከገባ የቆየ ሰው እንኳን እስከዛሬ የቧንቧ ቪዲዮ ይደርሰዋል፤ ስለ ግፊቱ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ በየሰዉ ስልክ ላይ የሉላ ስም "ወጥታለች" ከሚል ቃል ጋር ብቅ ሲል፣ የቀረውን ወሬ ሕንፃው ራሱ ሞላው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ ወልደገብርኤል ኮታቸውን ለብሰው፣ አቃቂ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠውን ጎረቤታቸውን ሐጀራን ለሽምግልና አስከትለው በሯን አንኳኩ። ሐጀራ ውሃ የሞላ ጄሪካን ይዛለች።

"ልጄ" አሉ ጋሼ ወልደገብርኤል፣ "ምን አስቀየምኩሽ? ቪዲዮው አጠረብሽ?"

"ጋሼ፣ ኧረ በስመአብ ይበሉ፣ ይግቡ።"

"አልገባም፣ መጀመሪያ እርቅ ይውረድ።"

"ሉላዬ፣ እኛ ምን በደልንሽ?" አለች ሐጀራ ጄሪካኑን እያስቀመጠች። "ቤቱን ስትሸጪ እንኳን ለእኔ አትነግሪኝም? ጉድጓዱስ በየት በኩል ነው የሚወርደው፣ በእኛ ሳሎን ነው?"

ሉላ ሁለቱንም አየቻቸው።

"ከማንም አልተጣላሁም" አለች። "ቤቴን አልሸጥኩም። ገዥ የለም፣ ባለሀብት የለም፣ ጉድጓድ የለም። ኮምፒውተሬ በእናንተ ቧንቧ ሞልቶ ሥራዬን አላስቀምጥ ስላለኝ ነው የወጣሁት። ሌላ ምንም የለም።"