ስለት ያበዛው የሱሉልታ ነጋዴ

ልጅ ሳለሁ ይህን ተረት መጀመሪያ የነገሩኝ፣ በየካ ተራራ ግርጌ ከቤታችን አጥር ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ይኖሩ የነበሩት መነኩሲት እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው። የነገሩኝ ማለቴ ልክ አይደለም፤ የነገሩን ብል ይሻላል፣ ያኔ ተረት ለአንድ ልጅ ብቻ አይነገርም ነበርና። እኔና ሁለቱ እህቶቼ እራት በልተን በአጥሩ ሽንቁር እናልፍና፣ እማሆይ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን ጧፍ ሲያበጁ ዙሪያቸውን እንቀመጥ ነበር። የጥጥ ክሩን ፍም ዳር በቀለጠው ሰም ያርሱትና ጣውላ ላይ በመዳፋቸው ያድበለብሉታል። ክፍሉ ሰምና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፤ ኩራዙ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ ያበራል። እጃቸው ሥራ ካልያዘ ተረት አይወጣቸውም ነበር።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ የሱሉልታ ነጋዴ ቅቤ የጫነች በቅሎውን እየነዳ እንጦጦን ሲሻገር ጉም ወረደበት። የጫማውን ጠፍር ሊያጠብቅ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል በቅሎዋ የለችም። አንገቷ ላይ ቃጭል እንዳለ ያውቃል፤ ነገር ግን ደነገጠና መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ በስሟ ጠራት። ቀጥሎ ወደ ስለት ገባ፦ ለእንጦጦ ማርያም ጥላ፣ ለራጉኤል መጋረጃ። ሚካኤልን ሳይጠራ ማለፉ ከነከነውና ለእርሱም ምንጣፍ ጨመረ፤ ሚካኤልን ጠርቶ ገብርኤልን መተው ደግሞ አድልዎ መስሎ ታየውና ጧፍ ተሳለለት። እንዲህ ከታቦት ወደ ታቦት ሲዘዋወር ድምፁ ተዘጋ። መጮህ ቢያቅተው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ቃጭሉን ሰማ። በቅሎዋ ከጀርባው፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ማዶ ሣር ትግጥ ነበር፤ ሲጮህም እዚያው ነበረች።

እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ እንስቃለን። አንድ ምሽት ግን እኔ ያልተቋጨ ነገር ታየኝ።

«እማሆይ፣ ስለቱንስ ከፈለ?»

«አይ አንተ! ይከፍላል እንጂ። ይህ የማድበለብለው ጧፍ የማን ይመስልሃል?»

ታናሽ እህቴ በቅሎዋ ደጅ ታስራ እንደ ሆነ ለማየት ወደ በሩ ዞረች። እማሆይም ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «የእግዚአብሔር ጆሮ መች ደነቆረ፤ የእኛ ነው እንጂ» አሉና ሌላ ክር አነሡ።

አድጌ መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ ኮተቤ አካባቢ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ክፍሉ ሲንጫጫ የምመዘው ይህንን ተረት ነበር። ተማሪዎቼ ፍሬ ነገሩን «ዝም በሉ» ብለው ተረዱት፤ ተረቱን ስጀምር ገና ከበቅሎዋ በፊት እነርሱ ጸጥ ይሉ ነበር። እኔም ከዚያ ያለፈ አልገባኝም ነበር። ይህም ማጋነን ነው፤ ገብቶኝ ነበር፣ ግን ለሌላ ሰው የሚነገር እንጂ ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም።

ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከባለቤቴ ከአልማዝ አንገት ሥር እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ካልተመረመረ ክፉ ይሁን ደግ መናገር እንደማይችሉ ነገሩን። የቀጠሮውን ቀን ስንጠብቅ እኔ ስለት ጀመርሁ። በታክሲ መስኮት የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ባየሁ ቁጥር እሳላለሁ። ከሾላ ገበያ ስንመለስ አልማዝ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ስማ መምህር፣ ጥላ እኮ ለስንቱ ታቦት ተሳልክ! የታመምኩት እኔ ነኝ እንጂ ዝናብ ሊጥል ነው ተባለ እንዴ?»

ሳቅሁ፤ ግን አላቆምሁም። ልመናዬ ውስጥ ግብይት እንደ ገባ አልታየኝም ነበር።

አንድ ማለዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቼ ትልቁን ስለት ልሳል ተነሣሁ። በፓርኩ በኩል ሰውም ብስክሌትም ስለሚበዛ፣ እንጨት ለቃሚዎች በሚወርዱበት አቀበት ገባሁ። ስለቴን እየደረደርሁ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝና በተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጥሁ። ለመተንፈስ እንጂ ለመናገር የሚተርፍ አየር አልነበረኝም።

የከተማው ድምፅ ታች ቀርቶ ነበር። ከባሕር ዛፎቹ ተልጦ የተንጠለጠለው ልጣጭ፣ ነፋስ ሲነካው ግንዱን ቀስ እያለ ይመታል። ጠል ከቅጠል ወደ ቅጠል ይወርዳል። አንዲት ወፍ ትጀምርና ትተወዋለች። ዛፎቹ ቆመው ያድሩ ዘንድ የተሳለላቸው ሰው እንደሌለ አሰብሁ። አልማዝም እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት በፈጠራት እጅ ነበረች፤ አፌን ስዘጋም ከዚያ አልወጣችም።

ቃጭል አልሰማሁም። ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ምልክት አልታየኝም፤ ትድናለች የሚል እርግጠኝነትም አልመጣልኝም። ያገኘሁት ዕረፍት ነው፤ ብትድንም ባትድንም እግዚአብሔርን ማመን እንደሚቻለኝ አወቅሁ። «ባትድንም» የሚለውን ቃል ጽፌ ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍሁት፣ እውነቱ እርሱ ነውና።

ቅጠል የተሸከመች አንዲት ሴት ስትወርድ አየችኝና ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደገፈች።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው።»

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። የሚያስከፍለው እዚያ ላይ ፓርኩ ውስጥ ፈረስ ላይ መቀመጥ ነው» ብላ ሳቀችና አለፈች።

ፀሐይ ሲበረታ፣ ማርያም ሳልደርስ፣ ተመልሼ ወረድሁ። አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ዛሬስ ምን ተሳልክ?»

«ምንም።»

ከበሩ ፈቀቅ አለችልኝ። «በል ግባና ቁርስህን ብላ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አብረን ጠዋት ጠዋት ጓሮ እንቀመጣለን፤ ብዙም አናወራም።

ለዓመታት እጽፈዋለሁ እያልሁ ያቆየሁትን ተረት ዛሬ ጻፍሁት። አልማዝ ማለዳ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች፤ እኔ ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ሐኪሙ ወጥቶ ደግ ቢነግረኝ ይህ ጽሑፍ ምስጋና ይሆናል፤ ክፉ ቢነግረኝ መጽናኛ ይሆናል። ያ የእንጦጦ ማለዳ ግን ምስጋናም መጽናኛም ስላልነበረ፣ ውጤቱን ሳላውቅ ልጽፈው ፈለግሁ። ልቤ ጸጥ ብሏል። ይህም ልክ አይደለም፤ ልቤ ትንሽ ይፈራል። በሩ ገና አልተከፈተም፤ እኔም ተቀምጫለሁ።