ከእቴናት ዳንቴል ስር ያለው

ስለ እትዬ እቴናት በደብረ ማርቆስ የሚወራው እንዲህ ነው። ሳሎኗ ካለው ትልቁ ሶፋ መደገፊያ ላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ አንድ ነጭ ዳንቴል አለ። ሌሎቹ ዳንቴሎች ይነሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ተተኩሰው ይመለሳሉ። ያ አንዱ ግን ሰው ፊት ተነስቶ አያውቅም። ለምን ቢባል፣ ስሩ ክታብ ተሰፍቷል። ክታቡን የጻፈላት ደብተራ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወሬ ስም ጠርቶ መሟገት አይወድም። ማስረጃው ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ ባሏ ንጉሴ። ድሮ የጭነት መኪና ሲነዳ ደጀን ካደረ መመለሻው የማይታወቅ ሰው ነበር። አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል፤ ከገባም አይወጣም። እንግዲህ በክታብ ካልሆነ በምን?

ይህን ወሬ የጎን ጎረቤቷ ዘቢደር ወለደችው ባይባልም፣ ጡት ያጠባችው እሷ ናት።

ነገሩ ግን ውሸት ነው። ንጉሴን ቤት ያስቀመጠው ጉልበቱ ነው፤ ስንት ዓመት ፍሬን የረገጠ ጉልበት በስተርጅና እምቢ አለ። ከዳንቴሉ ስር ያለው ደግሞ የቅቤ እድፍ ነው። የራስ ቅቤ።

ችግሩ፣ እውነቱ ከወሬው ይልቅ ለማመን መክበዱ ነው። እቴናት የሰፈሩ የሶፋ ሐኪም ናት። የሰው ቤት ሶፋ ላይ ወጥ ሲደፋ፣ ጧፍ ሲንጠባጠብ፣ የክርስትና ልጅ ሲሸና፣ የሚላከው ወደ እሷ ነው።

«ይለቃል ወይ፣ እትዬ?»

«ይለቃል፣ ምን አባቱ።»

ደግሞም ይለቃል። ታዲያ የአገሩን እድፍ የምታስለቅቅ ሴት የራሷን በዳንቴል የምትሸፍነው ለምንድን ነው? ዘቢደር የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። «ቅቤ ቢሆን ኖሮ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ዱቄትና አንድ ረፋድ አይበቃውም ነበር?» እውነቷን ነው። ይበቃው ነበር።

ሶፋው እዚህ ቤት የገባው ልጃቸው እስከዳር ሳትወለድ ነው። ንጉሴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጭነቱ ላይ አስሮ ዓባይ በረሃን አሻገረው። ሲደርስ አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኖ ነበርና፣ እቴናት «ቡናማ ነው እንዴ የገዛኸው?» ብላ አኮረፈች። በብሩሽ ጠረግ ጠረግ ስታደርገው አረንጓዴ ከፋይ ብቅ አለ፤ የነሐሴ መስክ ይመስል ነበር።

ለሐምሌ ሥላሴ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከአገራቸው ከሮብ ገበያ መጡ። ለበዓል እንደሚሆነው፣ ራሳቸውን አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ተቀብተው። ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ሰመጥ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እቴናት፣ ይሄ ነገር ይውጣል እንዴ?»

«አይውጥም እማ፣ ውስጡ ሞላ ነው።»

«እንግዲህ ከዋጠኝ የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ።»

ይህን ብለው ደገፍ አሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነሱ ከፋዩ ላይ የራሳቸው ክብ ቀርቷል፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰሃን የሚያህል።

እቴናት ያኔ የምታውቀው የጋቢ እጥበት ነው። እናቷን እንደሸኘች መደገፊያውን በፈላ ውሃ አጠበችው፤ ውሃው የወረደበትን የመቀመጫ ስፖንጅ ደግሞ አውጥታ፣ ጋቢ ወንዝ ዳር እንደሚረገጠው፣ በእንዶድ ረገጠችው። በሐምሌ! ጮቄ ተራራ ራስ ላይ ደመናው ከተኛ ማን ያደርቀዋል? ሶፋው እስከ መስከረም እንደራሰ ከረመ። ንጉሴ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ፣ «እኔ ሶፋ ነው በግ ያመጣሁልሽ?» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው የተማረችው። ሶፋ ውሃ አይጠጣም። ቅቤውን መጀመሪያ የሽምብራ ዱቄት ይጠጣዋል፤ ዱቄቱ ተነስንሶ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠረጋል። እንዶዱ ተመትቶ አረፋው ብቻ ነው የሚነካው፤ እሱም በጨርቅ፣ ከፋዩ ወደተኛበት ወገን። ከዚያ በር ተከፍቶ ነፋስ ይግባ እንጂ ፀሐይ አይንካው።

እናትየው ግን ዳንቴልም ቢነጠፍ፣ ነጠላም ቢደረብ፣ ገፋ አድርገው ከከፋዩ ጋር መገናኘታቸውን አልተዉም። እቴናት ስታጉረመርም ይስቃሉ።

«ጠጉር ያለው ወንበር ገዝተሽ ቅቤ ልትከለክይው ነው? ደርቆ አገኘሁት፣ ቀባሁልሽ።»

እንዲህ ሆኖ ስንት በዓል አለፈ። እናት ይቀባሉ፣ ልጅ ታስለቅቃለች። በመጨረሻው ፋሲካም ቀብተው ሄዱ። እቴናት ዛሬ ነገ ስትል ዝናቡ ገባ፤ በዝናብ ደግሞ ሶፋ እንደማይነካ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነሐሴ ላይ የእናቷ መርዶ መጣ። መስከረም ጠባና ፀሐይ ወጣ። የሽምብራውን ዱቄት ጨብጣ ጎንበስ ስትል፣ የአደሱ ሽታ እንዳለ ነው። ዱቄቱ ተመልሶ ጓዳ ገባ፤ ዳንቴሉም ያን ቀን በመርፌ ቁልፍ ተያዘ።

ዘንድሮ በጥቅምት ጉዳዩ ጠና። መምህርት የሆነችው እስከዳርና የአማኑኤል ከተማው ልጅ አብይ ተዋደው፣ የአብይ ቤተሰብ ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«እማዬ፣ ሶፋ በማሽን የሚያጥቡ ልጆች አሉ፤ ቤት ድረስ ይመጣሉ» አለች እስከዳር፣ ስልኳ ላይ እያሳየቻት።

«ውሃ ይረጫላ። እኔ አንዴ ረጭቼ አይቼዋለሁ።»

«እሺ አንቺው እጠቢው። ግን ያንንም። አማኑኤል እንደሆነ ሩቅ አይደለም፤ የዘቢደር ወሬ ሚኒባስ አይጠብቅም። ባሏን በክታብ ያሰረች ሴት ልጅ ናት ከተባልኩ ማን ያገባኛል?»

«ቅቤ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ። አያቴ ግን ሶፋው ላይ አይደለችም እኮ፣ እማዬ።»

እቴናት ቅዳሜ ማልዳ ሶፋውን ከእግር እስከ ክንድ አጸዳችው። ፍርፋሪውን ከየስንጥቁ አወጣች፣ ከፋዩን አበጠረች፣ አረፋ አስነካች። ዘቢደር በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ዛሬማ ሶፋው ራሱ ሙሽራ ሆነ» አለች። በመጨረሻ ያ ጥግ ቀረ። ዱቄቱን ይዛ ቆመች፤ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገች፤ እስከዳር በር ላይ ሆና ታያታለች። እቴናት ዳንቴሉን መለሰችና በአንድ ቁልፍ ፋንታ ሁለት ወጋችበት።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ የአብይ አጎት አቶ አካለ ወልድ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሳሎኑ መሐል ቆሙ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አለ ንጉሴ።

አቶ አካለ ወልድ ሶፋውን አዩት። «አንቀመጥም» አሉ።

ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ጎጃም ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። እቴናትም ሌላ ቀን ቢሆን ታውቅ ነበር። ዛሬ ግን የሰማችው «አንቀመጥም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ያየችውም የሰውየው ዓይን ዳንቴሉ ላይ ማረፉን። ማንም ሳይዛት ሄዳ ሁለቱን ቁልፎች ነቅላ ዳንቴሉን አነሳችው።

«ክታብ አይደለም፣ አባቴ። ይኸው ይዩት። ቅቤ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ንጉሴ አሳለው። ከመጋረጃው ጀርባ እስከዳር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የምን ክታብ?» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «እኛ እኮ ስለ ልጅ ነው የመጣነው።»

ወሬው ለካ ከሰፈሩ አልወጣም ኖሯል። አሁን መሸፈኑም አይሆንም። «እናቴ ናት» አለች እቴናት። «ከሮብ ገበያ ስትመጣ እዚህ ትደገፍ ነበር።»

አቶ አካለ ወልድ ቀረብ አሉና ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«አደስ አለው» አሉ ለጓደኞቻቸው። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «የእኔም እናት መደቡ አጠገብ ግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ነበራት። ራሷን ታሳርፍበት የነበረው ነዋ። ቤቱን አፍርሰን በብሎኬት ስንሠራ አብሮ ሄደ» አሉ።

ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ በደንቡ ቆመው ልጅቷን ለአብይ ጠየቁ። ንጉሴም «ልጅቱ ከወደደች እኛ ምን አለን» አለ። ያኔ ተቀመጡ። አቶ አካለ ወልድ ያንን ጥግ ትተው በወዲያኛው በኩል ነበር የተቀመጡት።

ሽማግሌዎቹ ተሸኙ። ሳህን ልታነሳሳ የመጣችው ዘቢደር ሁሉንም በዓይኗ አይታለች፤ ከነገ ጀምሮ ክታቡ በሽማግሌ ፊት ወጥቶ ተቃጠለ መባሉ አይቀርም። እስከዳር ደስታዋ ፊቷ ላይ እየታየ የአረፋውን ሳፋ ይዛ ገባች።

«እማዬ፣ እንግዲህ ሁሉም አየው። አሁን እንጠበው? ይለቃል አይደል?»

ንጉሴ ጉልበቱን ማሸቱን አቆመ። ዘቢደርም ሳህኖቹን እንደያዘች ቆመች። እቴናት ዳንቴሉን አራት እጥፍ አጥፋ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር።

«ይለቃል» አለች። «እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።»