የቁንዝላው ዋስ

የያዙኝ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው። መኪናው ላይ የወጣሁት ፌስታሌን እንደያዝሁ ነበር፤ ዳቦው ገና ትኩስ ነው። ጥፋቴን ብጠይቅ አንደኛው «አስተርጓሚ አይደለህ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች ስለ ሰላም ስብሰባ ሲኖር የእንግዳውን ንግግር ወደ አማርኛ፣ የእኛን ወደ እንግሊዝኛ የምመልስ ሰው ነኝ። ለየትኛው ወገን እንደማስተረጉም ሊያጣሩ ፈልገው ይሆናል። እኔ እንደሆነ ለከፈለኝ ሁሉ ነበር የማስተረጉመው።

ያሰሩን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሰባታሚት ወዲህ ባለ አሮጌ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መኝታችንም ያው ባዶ ከረጢቱ ነበርና አንዱ ቀልደኛ «ማዳበሪያ ላይ ተኝተን ማዳበሪያ ስንተነፍስ ክረምት ሲገባ እንበቅላለን» ይል ነበር። መጋዘኑን ለሁለት የሚከፍለው የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ መሃሉ ላይ በሰንሰለት የተቆለፈ በር አለው። ከቆርቆሮው ወዲያ ሰዎች ነበሩ። ሲያስሉ እንሰማለን እንጂ አንድም ቀን አይተናቸው አናውቅም።

ከዚያ በር ሥር ቦታ የያዙት ከሐይቁ ማዶ የመጡ አንድ የቁንዝላ ሽማግሌ ነበሩ። አገሩ ሲታወክ ጫካ ድረስ ወጥተው የመንደራቸውን ሰዎች ለምነው መሣሪያ ያስፈቱ ሰው ናቸው። «ማንም አይነካችሁም፤ ዋሳችሁ እኔ ነኝ» ብለዋቸዋል። ባለሥልጣኖቹም እሺ፣ ይምጡ ብለው ነበር። ሰዎቹን በጀልባ ይዘው ባሕር ዳር ሲደርሱ ግን ወደቡ ላይ ከነዋሳቸው ተያዙ። እሳቸውን ወደ እኛ፣ ሰዎቹን ከቆርቆሮው ወዲያ አደረጓቸው። ሽማግሌው ሳል በሰሙ ቁጥር የማን እንደሆነ ያውቁታል። አንደኛው ሳል ከቀን ወደ ቀን እየከፋ ሲሄድ እህል መቅመስ ተዉ።

ለእኛ ለከተሜዎቹ ዋስ ማለት መታወቂያውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚመጣ ዘመድ ነው። ለእሳቸው ዋስ የሆነ ሰው ራሱን አስይዟል። እኔ ሥራ ፈትቼ ስላስተረጎምኋቸው ስምምነቶች ሳወራላቸው፣ ጦርነቱ እንዴት ውጭ አገር በአንድ አዳራሽ ተፈርሞ እንዳለቀ፣ አንቀጹ ስንት ዓይነት እንደሆነ ስነግራቸው፣ በጸጥታ ያዳምጡና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል።

«ዋሱ ማነው?»

«ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ነው፣ አባቴ።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

እስረኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር የጠየቁኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሳሙና መጣ። ቀጥሎ አዲስ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ሙዝ። እንግዳ ሊመጣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። በቆርቆሮው በር ላይ ከረጢት ቆለሉበት። ከወዲያ ላሉትም አንድ ዘብ ገብቶ የሆነ ነገር ሲላቸው ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ አሉ። ሽማግሌው ፊታቸውን በሳሙናው ታጥበው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

የመጡት የዓለም አቀፍ ድርጅት ታዛቢዎች ነበሩ። አለቃቸው ሴት ናት፤ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳለች፣ የደከማት ትመስላለች፣ ፊቷ ክፉ አይደለም። አስተርጓሚያቸው መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ የእስር ቤቱ አዛዥ ዙሪያውን አየና በጣቱ ጠራኝ። እንዲህ አድርጌ ከእስር ቤት ውስጥ ሥራዬን ጀመርሁ።

ሴትዮዋ አቤቱታ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቀች። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ስለራሴ የምለው የለኝም፣ እመቤቴ። ከዚህ በር ኋላ ያሉትን ሰዎች ይዩልኝ። አንዱ ታሟል።»

አዛዡ ሳልተረጉመው ቀደመኝና በራሱ እንግሊዝኛ ዕቃ ቤት ነው አላት። ይህን ባለ ቅጽበት ከቆርቆሮው ወዲያ ያ ሳል መጣ። ሰውየው አፉን በልብስ እንደያዘ ያስታውቃል፤ ሆኖም አላመለጠውም። ሴትዮዋ ሰማች። መስማቷን ዓይኗ ላይ አየሁ፤ ትከፍተዋለች አልሁ።

የተፈቀደላት ይህን ክፍል መጎብኘት ብቻ እንደሆነ፣ ያንን በር ለማስከፈት ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የሰማችውን ግን በሪፖርቷ እንደምትጽፍ ነገረችን። ሽማግሌው ሪፖርቱ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ጠየቁ። ለዋናው መሥሪያ ቤትና ለሁለቱ ተፈራራሚ ወገኖች አለች። ከሁለቱ አንደኛው ቁልፍ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ሽማግሌው ቁልፉን አዩና ያንኑ የማይቀር ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ለዋስ የማውቀውን ቃል ሰጠኋት። ዋስ የመሆን ሥልጣን እንደሌላት፣ ሥራዋ መታዘብ እንደሆነ በትሕትና መለሰች።

«መታዘብ ነው ያለችው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ወደ እሷ ዞረው እጅ ነሱ። «እንግዲያው እኔም ታዝቤዎታለሁ» አሏት።

እስረኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አዛዡ እንኳ መሬት መሬት አየ። ይህን ቃል እንዴት አድርጌ ላሻግረው? ያለኝ ያው የእሷው ቃል ነበር፤ እሱንም እንዳለ መለስሁላት። እሳቸውም እንደተመለከቷት ስትሰማ፣ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ከልቧ አመሰገነቻቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ጠልቼው አላውቅም።

መኪኖቹ ሄዱ፤ ምንጣፉም ተጠቅልሎ ሄደ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አዛዡ መጣና ሽማግሌው እንደተፈቱ ተናገረ። ሴትዮዋ ስለ ዕድሜያቸው አንስታ ለምናላቸው ኖሯል። ይህን ያህል እንኳ ማድረጓን አልክድም። ሁላችንም ደስ ብሎን ልንስማቸው ተነሣን። እሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ዋስ ቀድሞ አይወጣም» አሉ። «በየትኛው ፊቴ ቁንዝላ እወርዳለሁ? ወይ እነሱን አውጣቸው፣ ወይ እኔን ከእነሱ ጨምረኝ።»

አዛዡ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ተሳደበ። በመጨረሻ ከረጢቱን በእግሩ ገፍትሮ ሰንሰለቱን ፈታው። በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ የማዳበሪያውን ሽታ አስረሳን። ሽማግሌው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ጫማቸውን አራገፉ። ከደፉ ላይ ቆመው ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ተጣሩ።

«ቤቶች!»

ከጨለማው ውስጥ አንድ የሻከረ ድምፅ «ይግቡ፣ አባታችን» አለ።

ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። በሳምንቱ የጭነት መኪና ከወዲያ በኩል ቆሞ ሰዎች ሲጫኑ ሰማን። ያ ሳል ከመካከላቸው አልነበረም። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከተፈታሁ በኋላ ወደቡ ላይ የቁንዝላ ጀልባ ሲደርስ እየጠበቅሁ ወራጆቹን እጠይቃለሁ። እነሱም መልሰው እኔን ይጠይቁኛል።

አሁንም አስተርጓሚ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። በቅርቡ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ስለ አዲስ ስምምነት ውይይት ነበር። ተናጋሪው ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች እንደሚሰማሩ አስረዳ፤ እኔም በአማርኛ አልሁት። ጥያቄ ካለ ተባለ፤ ማንም እጁን አላወጣም። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ጠየቅሁ፦ ዋሱ ማነው?

ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና ብሎ ወንበሮቹን አማተረ። አስተርጓሚ የራሱ ጥያቄ አለው ብሎ ማን ይጠረጥራል? «የጠያቂው እጅ አልታየኝም፣ ማን ናቸው?» አለኝ።

«አንድ የቁንዝላ አባት ናቸው» አልሁት። «በር ላይ ቆመው መልሱን እየጠበቁ ነው።»