አራተኛው ዓረፍተ ነገር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤቱ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረ። ማዳበሪያው ወጥቶ ሰው ሲገባበት ሽታውን የሚያወጣ አልተገኘም። ዓይን ይቆጠቁጣል። እንባዬ ሲወርድ ያዩ እስረኞች አዘኑልኝ፤ የማዳበሪያው ነው ብል ማን ያምነኛል ብዬ ተውኩት። መስኮት የሚባል የለም። ከግድግዳው አናት ላይ ለአየር የተተወች ክፍተት አለች፤ በእሷ በኩል ወደ አዘዞ የሚወርደው አውሮፕላን ድምፅ ይገባል። እንደ ልቡ የሚሄድ ሰው መኖሩን የሚያስታውሰን እሱ ብቻ ነበረ።

የተያዝኩት ከክፍል ስወጣ ነው፤ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ። ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን ትምህርት «ዊን» የሚለው ግስ ነበረ፤ ማሸነፍ። ይህ ግስ ልጆቻችንን ሁልጊዜ ያደናቅፋቸዋል። እኛ ጨዋታውንም ሰውየውንም እናሸንፋለን። እንግሊዞቹ ግን «ዊን» የሚያደርጉት ጨዋታውን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ለሰውየው ሌላ ግስ አላቸው። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ለችሎት መርታት፣ ለጦርነት ድል መንሳት፣ ለሎተሪ ዕጣ ወጣልኝ ስንል፣ እነሱ ሁሉንም በአንዲት ቃል ይጨርሱታል። ይህን ለማሳየት ሰሌዳው ላይ አራት ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። አንዱ ስለ ኳስ፣ አንዱ ስለ ሽልማት፣ አንዱ ስለ ፍርድ ቤት ነበረ። አራተኛው «በመጨረሻ እናሸንፋለን» ይላል።

ጊዜው የተኩስ ጊዜ ነው። የደባርቅ መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው አፉን ብቻ ሳይሆን ጠመኔውንም መጠበቅ እንዳለበት የተማርኩት ከመርማሪው ነው። መርማሪው ወጣትና ጨዋ ነበረ፤ አልሰደበኝም። በስልኩ የሰሌዳዬን ፎቶ አሳየኝና አንድ ጥያቄ ደጋገመ።

«እኛ ማን ነው?»

ዐሥረኛ ሐ ነው አልኩት። አልሳቀም። ማንን ነው የምታሸንፉት አለኝ፤ ፈተናውን አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ መጽሐፉ ላይ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከራሴ ያወጣሁት ነው ስለው ያችን መልስ ብቻ ጻፋት።

እኔ ግን ዓይኔን ከፎቶው መንቀል አልቻልኩም። የተነሣው ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ነው። ፎቶው ጥግ ላይ የባርኔጣ ጫፍ ገብቷል። የዚያን ቀን የትምህርት ክፍላችን ተጠሪ ትምህርቴን ሊከታተል መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ባርኔጣውን ዴስኩ ላይ አድርጎ። ምሳችንን ለዓመታት አብረን የበላን ሰው ነው።

ቤቱ ውስጥ ያስጠጉኝ ከድብ ባሕር አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። ምንጣፋቸውን ከፍለው ከጎናቸው አስተኙኝ፤ ስንቃችንን አንድ ላይ አደረግን። አያ ሙግት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከጎረቤታቸው ጋር በመሬት ድንበር ሲከራከሩ አርጅተው፣ ሊፈረድላቸው ሲቃረብ ታጣቂ አብልተሃል ተብለው ተያዙ። ማን እንደጠቆማቸው አይጠራጠሩም። አንድ ቀን ስንቅ ያመጣች ልጃቸው፣ ቀጠሮው ቀርቦ በሌሉበት ለጎረቤቱ መፈረዱን በር ላይ ነገረቻቸው። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ቆሜ ተሟግቼ ቢረቱኝ ምን ነበረ» አሉ። «እንዲያው ተቀምጬ ተረታሁ።»

የታሰርኩበትን ቃል አስተምረኝ ያሉኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ፈረንጅ ኳሱንም ሙግቱንም በአንዲት ቃል እንደሚጨርስ ስነግራቸው ሸጋ ነው አሉ፣ ቃል ይቆጥባሉ። ጠዋት ጠዋት እየተለማመዱ፣ ይግባኝ ብዬ ስረታ ዳኛው ፊት እላታለሁ ይሉን ነበር። እንስቃለን። የባርኔጣውን ነገር የነገርኩት ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ነገሩት። እግዜር ያገናኛችሁ ብለው መረቁኝ።

እግዜር ሰማቸው። ክረምቱ በበረታበት አንድ ከሰዓት፣ ቆርቆሮው በዝናብ እየጮኸ፣ በሩ ተከፈተና ተጠሪው ገባ። ባርኔጣ የለውም። ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዟል። እሱንም ሌላ ሰው ጠቁሞት ነው። ሲያየኝ ወደ በሩ ዞረ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

የቤቱ ሕግ የታወቀ ነበረ። እኛው የመረጥነው አለቃችን፣ ካቦው፣ አዲስ ለገባ ሰው መኝታ ይሰጣል፤ ስንቅ የሌለውን ከሌሎች ማዕድ ይቀላቅላል። ጠቋሚ ከሆነ ግን መኝታው ከሽንት ባልዲው ሥር ነው፤ ማንም አብሮት አይበላም፣ ማንም አያናግረውም። ከእኔ በፊት እንዲህ የተደረገ አንድ ሰው አእምሮውን ስቶ እንደወጣ ነግረውኛል። ካቦው የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«መምህር፣ የባርኔጣው ሰውዬ ይኸ ነው?»

አያ ጉልበቴን ያዙኝ።

«በል እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዛሬ ረታህ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ብርድ ውስጥ ሰውነቴን ሲሞቀኝ ይሰማኛል። ያችን ሰዓት ስመኝ ነው የከረምኩት። አይደለም ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ ለእሱ ስል መዋሸት ግን አልፈለግኩም። ቀና ብዬ አየሁት። ሱሪውን እንደያዘ ቆሟል። ዓይኑ፣ ከማዳበሪያው ይሁን ከሌላ፣ እንባ አቅርሯል። እኔም ስገባ እዚያችው ቦታ ላይ እንዲሁ ቆሜ ነበር።

«እሱ ነው» አልኩ። «ከእኔ ጋር ይበላል።»

ካቦው ሐሳቤን የምቀይር መስሎት ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ እንደፈለግክ ብሎኝ ሄደ። ሚስቴ የላከችው ሽሮ ቀዝቅዞ ነበር። ሳህኑን መካከላችን አደረግኩት። አልነካውም፤ ብላ አልኩት፤ በላ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሳህኑን ልነጥቀው ደጋግሞ ይቃጣኝ ነበር። በቃል የታሰርኩ ሰው ነኝ፤ በእኔ ቃል ሰው ከባልዲ ሥር እንዲተኛ አልፈለግኩም።

የከፈልኩት ግን በአያ ነው። እዚያው ጋቢያቸውን ጠቅልለው ከጎኔ ተነሡና ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ። የረታ ሰው እንዲህ አያደርግም አሉ ለካቦው፣ እኔ እንድሰማ አድርገው። ከዚያ ወዲህ ቆሏቸውን ለብቻቸው ቆረጠሙ። ብለምናቸው፣ ሰው ብልክባቸው፣ እምቢ አሉ። ቃሏንም ዳግም አላነሷትም። ሰውየውን አስጠግቼ ሽማግሌውን አጣሁ፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ብርዱ ደረታቸው ላይ ገባ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መቆም አቃታቸው፤ ጠባቂዎቹም ሐኪም ቤት ይሂዱ አሉ። በጋቢያቸው ተሸክመን እስከ በሩ አደረስናቸው፤ አንዱን ጫፍ የያዘው ተጠሪው ነበር። አያ ዓይናቸውን ገልጠው ማን እንደያዛቸው አዩ።

«አንተ» አሉት። «የሱን እንጀራ በልተሃል። የበላህበትን ወጪት እንዳትሰብር።»

ወደ እኔ አልዞሩም። ብዙም ሳይቆይ ስንቅ አመላላሾቹ ማረፋቸውን ነገሩን። ካቦው ጸሎት አደረገላቸው፤ ምንጣፋቸውን ለብዙ ቀን ማንም አልተኛበትም።

ተጠሪው ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። ሲወጣ አልተሰናበተኝም፤ ወጥቶም ሚስቴን ደኅና ነው አላላትም። እኔ ስወጣ፣ ለምን እንደታሰርኩ ያልነገረኝ ሰው ለምን እንደተፈታሁም አልነገረኝም።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እሱም እዚያው ተጠሪ ነው። ሰላምታችን በአንገት ነው፤ ምሳ አብረን አንበላም። ማዳበሪያ የጫነ መኪና ባጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔ ይቆጠቁጣል፤ ልጄ ምን ሆንክ ስትለኝ አቧራ ነው እላታለሁ።

ዘንድሮ ያ ትምህርት ደረሰ። የዚያን ዕለት ተጠሪው ሊከታተል መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ዴስኩ ላይ አደረገ። የኳሱን ጻፍኩ፣ የሽልማቱን ጻፍኩ። የፍርድ ቤቱን ስጽፍ አያ ትዝ አሉኝ። ሦስቱ ይበቁ ነበር፤ አራት ጻፍ ያለኝ የለም። ጠመኔውን ላስቀምጥ እጄን አውርጄ መለስኩትና አራተኛውን ጻፍኩ። ያንኑ ራሱን ነው የጻፍኩት።

ስዞር ስልኩ በእጁ ነው። አየኝ፤ እኔም አየሁት። ቆየና ስልኩን ዴስኩ ላይ በፊቱ ደፋው፤ ባርኔጣውንም ከላዩ ጫነበት።

አያ ቢያዩ ረታህ ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው መርታትን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ወጪቱ ግን እስካሁን አልተሰበረም። ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ፣ ተከትላችሁኝ አንብቡ አልኳቸው።