ለኮርማው ያልተቆጠረ ሰባት ቤት

ወለንጪቲ ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዲጋቡ ፍቅር ብቻ አይበቃም፤ ኦቦ ጋሮምሳ ጣታቸውን ማጠፍ አለባቸው። እያንዳንዱ ጣት አንድ አያት ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ወገን ከወገን ካልተገናኘ ሠርጉ ይደገሳል፤ ከተገናኘ ድንኳኑ ይፈርሳል። ባለፈው ጥር የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ሠርግ አምስተኛው ጣት ላይ አፈረሱት። ሰንጋው ታርዶ፣ ወጡ ተሠርቶ ነበር። «ሥጋው ይበላ፤ ጋብቻው ግን ነውር ነው» አሉና ራሳቸው ሁለት ሳህን በሉ።

እኚህ የሰው አያት የማያመልጣቸው ሰው የሚተዳደሩት ለአዳማ አደላቢዎች ወይፈን እያቀረቡ ነው። የበረታቸው ንጉሥ ሞቲ የሚባል ኮርማ ነው፤ ቀይ፣ ሻኛው ጉብታ የሚያህል፣ አሥር ዓመት ሙሉ ብቻውን የነገሠ። «ሞቲ እያለ ሌላ ኮርማ ደጄን አይረግጥም!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልረገጠም። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ሊጠረጥር ይችላል፤ ኦቦ ጋሮምሳ ግን አልጠረጠሩም።

ዘንድሮ ሦስት ጥጆች የታችኛው መንጋጋቸው አጥሮ ተወለዱ። ሲያዩዋቸው ወሬ ሰምተው በድንጋጤ የቀሩ ባልቴቶች ይመስላሉ። ጡት መያዝ ስለሚቸግራቸው በጡጦ ነው የሚያድጉት። አደላቢው መጣና አንገቱን አዘንብሎ አያቸው።

«ኦቦ፣ እነዚህ ሣር የሚበሉት በማንኪያ ነው?» ብሎ ሄደ።

ኦቦ ጋሮምሳ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ መንገድ ብቻ ተሻገሩ። ከበረቱ ፊት ለፊት ከሪማ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ወሎ ተወልዳ ወለንጪቲ የወለደች፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የባሰ ሴት ናት።

«ዓይን ነው የበላብኝ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ በረቴ ላይ አፍጥጣ ነው የምትውለው!»

በረቱ ፊቷ ላይ ነው የተሠራው። ታዲያ ምን ትይ? ሰማይ? ሰፈሩ ግን፣ ያው ትናንት ሳምቡሳዋን ሲቆረጥም የነበረው ሰፈር፣ «ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጥና ከጥጉ ትነሣ» አለ። ጥጉ ለከሪማ አሥራ አንድ ዓመት የለፋችበት፣ ልጆቿን ያሳደገችበት እንጀራዋ ነው።

ቅዳሜ ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ሚልካ ገና «ጉድለቱ በዘር...» ስትል፣ ሽማግሌዎቹ «ለልጃችን ወንበር አምጡላት!» ብለው በታላቅ አክብሮት አፏን አስዘጓት። ቀጥላ ከሪማ ተነሣች።

«ኦቦ ጋሮምሳ፣ ዓይኔ መራጭ ነው እንዴ? የጎረቤታችን የየሺዓለም ላም ከገበያ የተገዛች ናት፤ እሷም ከሞቲ ነው የወለደችው። ጥጃዋ በየቀኑ ምድጃዬ ሥር አመድ ይልሳል። መንጋጋው ድንጋይ ይፈጫል!»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩልኝና ወላሂ ምድጃዬን ነቅዬ እሄዳለሁ። ከሦስቱ የትንሿን ጥጃዎን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ።»

«የጥጃ?»

«ካቃተዎት ይተዉት።»

ካቃተዎት! ለኦቦ ጋሮምሳ! እጃቸውን እንደ ሰይፍ መዘዙ።

«አባቷ ሞቲ።» አንድ ጣት ታጠፈ። «እናቷ ዳለቻ። የዳለቻ አባት... ሞቲ።» ሁለተኛው ጣት ቀስ ብሎ ታጠፈ። «የዳለቻ እናት ዳማ። የዳማ አባት...»

ሦስተኛው ጣት አየር ላይ ቀረ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ የላምን አያት ማን ያውቃል? ግን በዕድሜያቸው አንድም ቀን በቆጠራ ዋሽተው አያውቁም።

«ይበሉ እንጂ!» አለች ከሪማ።

«ሞ...»

«አልሰማንም!»

«ሞቲ! ሞቲ ነው፣ ሞቲ!» ሦስተኛውም ጣት ታጠፈ።

ግራሩ ራሱ የሳቀ መሰለ። ባጃጅ ነጂው ኑዕማን ከኋላ ጮኸ፦ «አባትም እሱ፣ አያትም እሱ፣ ቅድመ አያትም እሱ! ይቺ ጥጃ ዘመድ ጥየቃ አይቸግራትም፤ አንድ ቤት ሄዳ ትጨርሳለች!»

«እሱን እኮ ነበር የምለው» አለች ሚልካ፣ ከወንበሯ ተነሥታ። «ሞቲ ጉድለቱን በደሙ ደብቆ ይዞታል። ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ አይታይም። ለሴት ልጆቹም ደብቆ አወረሳቸው። ከልጆቹ ሲወልድ የአባት ድብቅ ከእናት ድብቅ ጋር ተገናኘና መንጋጋው ላይ ወጣ። ባዳ ላም ግን ያ ጉድለት ስለሌላት ጥጃዋ ደኅና ሆነ።»

ኦቦ ጋሮምሳ ሦስት የታጠፉ ጣቶቻቸውን አዩ። ለአምስተኛው ጣት ሠርግ አፍርሰዋል፤ እዚህ ግን ገና ሁለተኛው ላይ ነው ጉዱ።

«ጋብቻው ፈርሷል» አሉ። «ሞቲ ይውጣ። ከሪማ ትቀመጥ።»

በሳምንቱ አዲስ ኮርማ ሊገዙ አዳሚ ቱሉ ወረዱ። ሻጩን ገመቹን የኮርማውን አባት፣ የአባቱን አባት፣ የእናቱን አያት እያሉ ሲያፋጥጡት ሰውየው ላብ አጠመቀው።

«ኦቦ፣ ኮርማ ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ ሊድሩለት ነው?»

«ሁለቱም ያው ነው!»

ጥቁሩ ኮርማ በአይሱዙ ወለንጪቲ ገባ። ከመኪናው ሲወርድ በረት አላስገቡትም፤ እየጎተቱ ከከሪማ ምድጃ ፊት አቆሙት።

«ከሪማ፣ እስቲ በደንብ እዪልኝ።»

«በዚህ ዓይኔ?»

«በሁለቱም።»

ከሪማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከሰኮናው እስከ ቀንዱ ሳትቸኩል አየችው። ኮርማው አገሳ።

«መንጋጋው ደኅና ነው» አለች። «ግን ስንት ዓመት ሊያነግሡት ነው?»

ኦቦ ጋሮምሳ ከእሱ የሚወለዱት ሴት ጥጆች ለኮርማ የሚደርሱበትን ጊዜ አሰቡና ሁለት ጣት አጠፉ። ከሪማ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋችላቸው። ለመቀበል ጣቶቻቸውን ሊዘረጉ ሲሉ፣

«አይዘርጉ!» አለች። «በሌላኛው እጅዎ።»